የፋይቴዝ ዱቄት ለእንቁላል ዶሮ፦ ደህንነቱን በምን ልወቅ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ በዘንዘልማ መንገድ የእንቁላል ዶሮ አረባለሁ። መኖውን ራሴ ነው የምቀላቅለው፤ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር። አንድ ነጋዴ ፋይቴዝ የሚባል የኢንዛይም ዱቄት አምጥቶ «ዲሲፒ ይቀንስልሃል» አለኝ፤ ዲሲፒ ለፎስፈረስና ለካልሲየም ብለን መኖ ላይ የምንጨምረው ዱቄት ነው። ከረጢቱ ላይ «ደህንነቱ የተረጋገጠ» ይላል። በምን ተረጋገጠ? እንቁላሉን ሰው ነው የሚበላው። ለጥቂት ዶሮዎች ሰጥቼ ባየው ይበቃል?

የዶሮ ሐኪም
ነጋዴው ስለ ጥቅሙ አልዋሸህም። በእህልና በፋጉሎ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውህድ የታሰረ ነው። ዶሮ ራሷ በደንብ አትፈታውም፤ ፋይቴዝ ይፈታላታል።
ደህንነቱን ግን የጓሮ ሙከራ አይነግርህም። ያ የአምራቹ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረትን አሠራር ብታይ፣ መጀመሪያ ዘረመል ይጎዳ እንደሆነ በባክቴሪያና በሴሎች ላይ ይፈተሻል። አይጦች ለ90 ቀን ይመገቡታል። ከዚያ ተራው የዶሮዎቹ ነው፤ ለእንቁላል ጣዮች 56 ቀን። አንዱ ቡድን ያለ ኢንዛይም፣ ሌላው በሚመከረው ከፍተኛ መጠን፣ ሦስተኛው የዚያን ብዙ እጥፍ፣ ለምሳሌ 10 እጥፍ ያገኛል። የሞት፣ የክብደት፣ የመኖ ፍጆታና የእንቁላል ልዩነት ይታያል።

እመት እንቁላል
እኔ ስጠቀም ከረምኩ፣ ዶሮዎቼ ምንም አልሆኑም። አታካብዱ እንጂ!

የዶሮ ሐኪም
እሰየው እህቴ። ግን ያንቺ ከረጢትና የሱ ከረጢት አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ላብራቶሪ ሰው
ነጥቡ እሱ ነው። ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ነው፣ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። መፈተሽ ያለበት አብሮት የመጣው ነው። ብዙዎቹ የሚመረቱት በሻጋታ ነው፣ እንደ አስፐርጂለስ ናይጀር። ስለዚህ የሻጋታ መርዝ፣ በሕይወት የቀረ ሴል፣ ሳልሞኔላ፣ እርሳስና አርሴኒክ ይታያሉ። የባቹን፣ ማለትም አንድ ላይ የተመረተውን ዙር፣ የምርመራ ወረቀት ጠይቅ። የባች ቁጥሩ ከከረጢቱ ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን መመዝገቡንም አጣራ።
በነገራችን ላይ፣ እኔ ከኢንዛይሙ በላይ የምፈራው ክረምት ላይ እርጥበት የነካውን ፋጉሎ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ እዚያ ነው ያለው።

መኖ ቀላቃይ
ሁላችሁም ስለ ዶሮዋ ታወራላችሁ። አካፋ የያዘውስ? የኢንዛይም ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ያስይዛል። አንዴ አለርጂ ከሆነብህ በኋላ ትንሽ ብናኝም ይበቃሃል። ነጠላ አፍ ላይ ጣል ማድረግ አይሠራም፤ ኤን95 ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አድርግ። መጀመሪያ ከትንሽ ፉርሽካ ጋር ቀስ ብለህ አዋህደው፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር። በከረጢቱ ከተጻፈው መጠን አትለፍ። ዲሲፒውንም በባለሙያ ሳታስሰላ አትቀንስ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል።

ጣና ዳር
ተባረኩ። ነጋዴውን ወረቀቱን ስጠኝ ብለው «በቴሌግራም እልክልሃለሁ» አለ። እስኪልክ ከረጢቱ እንደታሸገ ይቆያል። ማስኩ ፋርማሲ ይገኛል?

መኖ ቀላቃይ
ፋርማሲ ካጣህ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ጠይቅ። ስስ ሰማያዊውን እንዳይሰጡህ ብቻ።