ቪኒልና የምንጣፍ ታይል እርጥበት ባለው ወለል ላይ፦ የትኛው ማጣበቂያ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ምድር ላይ ያሉ 2 ክፍሎች። አንዱ ቪኒል (የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ)፣ ሌላው የምንጣፍ ታይል (በካሬ የተቆረጠ ምንጣፍ) ሊነጠፍበት ነው። ከኮንክሪቱ ሥር እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ የለም። የተለመደው በቆርቆሮ የሚሸጠው ኮላ ይይዛል?

መልስ፦ ለቪኒል ኮላውን ተወው ወንድሜ። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ዘይት ወደ ኮላው ሰርጎ ያሟሟዋል፤ ጠርዙ ይነሳል። መጀመሪያ 45 በ45 ሳንቲሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ቢያንስ 16 ሰዓት አቆየው። ሥሩ ካላበ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት አለ። በበጋ ደረቅ ቢሆን አትመነው፣ ክረምት ላይ ድገመው።

ጠያቂ፦ አላበ፤ በሩ አጠገብ ብቻ።

መልስ፦ ቢሆንም ክፍሉን ሙሉ ሁለት እጅ ኢፖክሲ (እርጥበት የሚያግድ ጠንካራ ቅብ) ቀባው። በከፊል ከቀባህ እርጥበቱ ወዳልተቀባው ይዞራል። አሮጌ ቀለምና የላላ ሲሚንቶ በማሽን ካልተፋቀ ግን ኢፖክሲው ራሱ ይላጣል። ደግሞ የጣሪያው አሸንዳ በሩ ሥር እንደማያፈስ እይ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሌላ መልስ፦ ለምንጣፍ ታይሉ አክሪሊክ ማጣበቂያ በሮለር ስስ አድርገህ ቀባ። ነጭነቱ እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ሲነኩት ይይዛል እንጂ ጣት ላይ አይቀርም። እርጥብ እያለ ካነጠፍክ በኋላ አንድ ታይል ለመቀየር ስትነሳ ጀርባው ይቀደዳል። ቪኒሉን ግን 45 ኪሎ በሚመዝን የወለል መጫኛ ሮለር በሁለት አቅጣጫ ተጫነው፣ አለዚያ አየር ይቋጥራል።