ጥቆማ፦ ለተሳቢ የትኛው ጎማ? ከየት ልግዛ?

ባለተሳቢው፦ ሰላም ወገኖች። ጂቡቲ የሚመላለስ ባለ 3 አክስል ተሳቢ አለኝ። ጎማው ደብል ነው (በየጎኑ ሁለት ሁለት)፣ ቁጥሩ 315/80 አር 22.5። አሁን አለቀ። አንድ ሻጭ «ደብሉን ተወውና 385/65 ነጠላ አድርግበት፣ ናፍጣ ይቆጥብልሃል» አለኝ። ከነጭነቱ በአክስል 10 ቶን ይመጣል። ምን ይሻላል? ደህና ሻጭም ጠቁሙኝ።

የአፋር ፀሐይ፦ ቁስሌን ነካኸው! ባለፈው ሚሌን እንዳለፍኩ ጎማ ፈንድቶብኝ መንገድ ዳር አደርኩ። ያውም አዲሱ! ሻጩ ጋ ስደውል «ከልክ በላይ ጭነህ ነው» አለኝ። የት ሆኖ እንዳየኝ እንጃ።

ረዳት ነበርኩ፦ አይዞህ ወንድሜ። አዲሱን ካለቀ ጎማ ጋር አጣምረኸው ነበር?

የአፋር ፀሐይ፦ አዎ። የሁለት ብር ከየት ላምጣ?

ረዳት ነበርኩ፦ በቃ እሱ ነው። አዲሱ ከፍ ስለሚል ጭነቱ እሱ ላይ ያርፋል።

የመርካቶ ልጅ፦ እኔ ስንት ዓመት ከአንድ ሰውዬ ነው የምገዛው። ቁጥር ምናምን አላውቅም። «ውሰድ» ካለኝ እወስዳለሁ።

ዝም አልልም፦ ሰውዬህ ራሱ ስንት ቶን ይችላል?

ቪትዝ ነጂ፦ የቪትዝ ጎማስ የት ይረክሳል?

ጎሚስታው፦ የጎማውን ጎን እየው። የጭነት ቁጥሩ 156/150 ካለ፣ ለብቻው 4000 ኪሎ፣ በደብል 3350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ያንተ 10 ቶን ለ4 ሲካፈል 2500 ነው፤ ትርፍ አለህ። 385/65 ግን አብዛኛው 160 ነው፣ 4500 ኪሎ። ሁለቱ 9 ቶን! 164 ብታገኝ ልክ 10 ይሞላል፣ ትርፍ ግን የለውም። ቸርኬም ትቀይራለህ፤ የ315 ቸርኬ ስፋቱ 9 ኢንች ነው፣ ያኛው 11.75 ይፈልጋል። ቸርኬውም የራሱ የክብደትና የንፋስ ጣሪያ ስላለው ከጎማውና ከቸርኬው ባነሰው ሂድ። ደግሞ 3350 የምልህ ንፋሱ ሲሞላ ነው፣ ወደ 8.5 ባር። በ6 ባር እየነዳህ ጎማውን አትስደብ። ጠዋት ሳይሞቅ ለካ። አዋሽ ላይ ሞቆ ከፍ ቢልብህ እንዳታስተነፍሰው።

የአፋር ፀሐይ፦ እኔ ሁሌም አስተነፍስ ነበር...

ዝም አልልም፦ ሻጩ ለካ በስልክ ያያል።

ባለተሳቢው፦ ጎሚስታው ተባረክ። የመርካቶ ልጅ፣ የሰውዬህን ስልክ በውስጥ መስመር ጣልልኝ እስቲ።