አባቴ ማሽላውን ትተው ማሾ ይዝሩ ወይ?

የቀወት ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አባቴ ሰሜን ሸዋ ቀወት ቆላው ላይ ገበሬ ናቸው። ድሮ ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ረጅሙን ማሽላ ይዘሩና ከኅዳር በኋላ ያጭዱ ነበር። አሁን በልጉን ማመን አልተቻለም። ትንሽ ይጥላል፣ ቡቃያው ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሰኔን ሙሉ ጭር ይልና ይደርቃል። አምና ሁለቴ መልሰው ዘሩ። አሁን ደውለው "መሬቱን በሙሉ ማሾ ላድርገው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የቆላ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ በልማት ሠራተኝነት ቆላ ውስጥ ቆይቻለሁ። ማሾ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ በሁለት ወር ተኩል አካባቢ ይደርሳል፣ ዝናቡ ቶሎ ቢያቆም እንኳ ያመልጣል፣ ጥራጥሬ ስለሆነ ለመሬቱም ይጠቅማል። ግን በሙሉ አይሁን! ማሾ ተሸጦ ነው እንጂ ጎተራ አይሞላም። ዋጋው የወደቀ ዓመት ቤተሰቡ ምን ይበላል? ደግሞ እኩል አይደርስም፣ እየተመላለሱ በእጅ መልቀም ነው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ "መልካም" የሚባል ማሽላ አለ፤ ሐምሌ መጀመሪያ ተዘርቶ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። ከፊሉን በእሱ ይሞክሩት።

የቆቦዋ፦
መልካምን እኛም ዘርተናል። ፍሬው ደህና ነው፣ አገዳው ግን አጭር ነው። ባለሙያ ኩንታል ይቆጥራል፣ እናቴ ግን አገዳውን ነው የምትቆጥረው፤ የበጋ የከብት መኖው እሱ፣ ማገዶው እሱ፣ አጥሩ እሱ። ሌላው ወፍ ነው። የሁሉም ማሽላ ገና አረንጓዴ ሆኖ ያንተ ብቻ ቀድሞ ካሸተ የአገሩ ወፍ እዚያ ላይ ይሰፍራል፣ ልጆች ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ቢውሉም አይችሉትም። አባትህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተስማምተው አንድ ሰሞን ይዝሩ። ለጥንቅሹም ቢሆን ከድሮው ዘር ትንሽ ያስቀሩ፣ ዘሩ ከጠፋ አይመለስም።

ሐረርጌ፦
እኛ ዘንድ ይሄ በቡና ደርሷል። ቡናው በድርቅ ሲጎዳ ብዙ ሰው ነቅሎ ጫት ተከለ። አልፈርድባቸውም፤ ጫት በዓመት ከአንዴ በላይ ይቆረጣል፣ ቡና ለመጀመሪያ ፍሬ ብቻ 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይስማማው ይችላል ይላል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግን አዲስ የሚስማማ መሬት ይገኛል ይላል። እሺ፣ ቡናው ወደ ደጋ ይውጣ። የአባቴ መሬት ግን እዚያው ቆላው አፋፍ ላይ ነው፣ ከቡናው ጋር አይወጣም። ለእሳቸው ማን አሰበላቸው?

የቀወት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ደወልኩላቸው። ለካ እሳቸውንም ያስጨነቃቸው የበሬዎቹ አገዳ ነው። ወንዝ ዳር ያለውን ማሳ ለድሮው ማሽላ ሊተዉ፣ ገደላማውን ማሾ ሊያደርጉ፣ አንድ ጥማድ ላይ መልካምን ሊሞክሩ ተስማማን። ለአንድ ጥማድ ስንት ኪሎ ዘር ይበቃል?

የቆላ ባለሙያ፦
በመስመር ከዘሩት 3 ኪሎ ገደማ። ዘሩን ከሰኔ በፊት ይያዙ፣ በኋላ አይገኝም።