ለኤንፒአርና ለሃይሉክስ ጎማ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር (ንፋስ መሙያ) የቱ ይሻላል?

የቢቸናዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አይሱዙ ኤንፒአር አለን። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል፣ የሚነዳው ወንድሜ ነው። እኔ ደግሞ ለቤት ጉዳይ የምነዳት ሃይሉክስ አለችኝ።

ጎማ ጭራሽ ሲተነፍስ ስኮርት ቀይሮ መሄድ ነው፣ እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀስ እያለ የሚወርደው ነው። በማታ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው በረሃ፣ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? በቅርቡ ረዳቱ ከሌላ መኪና ንፋስ ለምኖ ነው የወጡት።

አሁን መኪና ላይ የሚቀመጥ ኮምፕሬሰር ልገዛ ነው። ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ትንሽ ነው፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፣ ካርቶኑ «150 ፒኤስአይ» ይላል። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው፣ ሁለት ቆንጣጭ አለው፣ ባትሪው ላይ ይነክሳል። እሱም «150» ይላል። ሦስተኛው የራሱ ባትሪ ያለው፣ ቻርጅ የሚደረግ ነው። እሱ ጭራሽ «160» ይላል። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው፣ ልዩነቱ ዋጋው ነው» አለኝ። እውነት ያው ነው? አንድ ገዝቼ ለሁለቱም መኪና ይሆነኛል?

ባለ ሃይሩፍ

እህቴ ትንሿን ግዢና ተገላገይ። እኔ ሃይሩፌ ውስጥ አለች፣ ከባሕር ዳር ዳንግላ ስመላለስ ብዙ ጊዜ አውጥታኛለች። ወንበር ሥር ትገባለች፣ ዋጋዋም አይጎዳም። 150 ካለች 150 ናት፣ ምን ፈለግሽ?

ጎሚስታ ከማርቆስ

ባለ ሃይሩፍ ለራሱ መኪና እውነቱን ነው። ለኤንፒአር ግን አይሆንም። ምክንያቱን ላስረዳ፣ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል።

150 ፒኤስአይ ማለት መሣሪያው ቢታገል ቢታገል የሚደርስበት የመጨረሻ ግፊት ነው። በሌላው የግፊት መለኪያ ወደ 10 ባር ይጠጋል። በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ግን አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሌላ ቁጥር ነው፣ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል የሚለው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ጭራሽ አይጻፍም። ያልተጻፈበትን ተዪው።

ሒሳቡን በግምት እንሥራው። የኤንፒአር 7.50-16 ጎማ ሆዱ 50 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። ጎማው 3 ባር ላይ ወርዶ ወደ 6.5 ባር ልትመልሺው ነው እንበል። ልዩነቱ 3.5 ባር ነው። 50 በ3.5 ሲባዛ 175 ሊትር አየር ይሆናል። ትንሿ ካርቶኗ ላይ 35 ሊትር በደቂቃ ብትልሽ፣ ያ ባዶ አየር ላይ ስትነፋ ነው። 5 ባር የደረሰ ጎማ መልሶ ሲገፋት ግማሹንም አትሰጥም። ስለዚህ ለአንድ ጎማ ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ እረፍት ልትጮህ ነው። እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሠርተው ማረፍ አለባቸው፣ መመሪያቸው ራሱ ይለዋል። አንድ ቀን በግድ ስታሠሪያት ሲሊንደሯ ግሎ የፕላስቲክ ሽታ ይሸትሻል። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ነው የምትመጪው፣ እኔ ደግሞ አልጠግናትም።

ሌላም አለ። የእኛ አገር ከፍ ያለ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ፣ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። መሣሪያው በአንድ ምት የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ካርቶኑ ላይ ካለው ሊትር ሩቡን ቀንሰሽ አስቢ።

ለሃይሉክስሽ ግን ትንሿ ትበቃለች። 35 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የምትፈልገው፣ ያን ትደርስበታለች።

የቢቸናዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሱቁ ውስጥ ይህን የነገረኝ የለም። እንግዲያው ባለ ቆንጣጩን ልውሰድ? ወንድሜ ደግሞ «ገመዱን ጋቢና ውስጥ እሰካዋለሁ» ይላል።

መኪና ኤሌትሪክ፣ ፍኖተ ሰላም

ኧረ ቆይ! እሱን ከማሰቡ በፊት የኤንፒአሩን ባትሪ ይይ። ሁለት ባትሪ፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ፣ ከተቀመጠ መኪናው 24 ቮልት ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ኤንፒአሮች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ሱቅ ያለው ኮምፕሬሰር ደግሞ አብዛኛው 12 ቮልት ነው። 12ቱን 24 ላይ ከሰካሽው ትንሽ ጊዜ እንደ ጉድ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ጭስ ነው።

መግዣ መንገድሽ ሦስት ነው። ንጹሑ 24 ቮልት የሆነውን ፈልጎ መግዛት ነው፣ ይገኛል፣ ጠይቂ። ግን ያ ለሃይሉክሷ አይሆንም፣ እሷ 12 ናት። ሁለተኛው፣ 12 ቮልቱን ገዝቶ ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ፣ በራሱ ፖዘቲቭና በራሱ ኔጌቲቭ፣ መንከስ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ አልፎ አልፎ፣ ለአንድ ጎማ ያህል ከሆነ ይሄዳል። ልማድ ካደረጋችሁት ግን አንዱ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ ይደክማል፣ ሁለቱንም ይዞ ይሞታል። ሦስተኛው ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሸወዳል። ለቴፕና ለስልክ የሚሸጠው ኮንቨርተር 10 አምፔር አካባቢ ነው። ትልቁ ኮምፕሬሰር 30 አምፔር ይስባል። አይገናኙም።

ጋቢና ውስጥ መሰካት ያልሽውም ያው ነው። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። ትልቁን ብትሰኪው ፊውዙ ይበጠሳል፣ ረዳቱ ደግሞ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ይመልሰዋል። ስንት ገመድ በዚህ ነው የተቃጠለው። ትልቅ ኮምፕሬሰር ባትሪ ላይ ነው የሚነከሰው፣ ሞተሩም ተነስቶ።

ሹፌር ከደጀን

እኔ የምነዳው ኤፍኤስአር ነው፣ ከኤንፒአር ከፍ የሚለው አይሱዙ። ለእኔ ቢጤው ብዬ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ብሎ ይገዛል። መኪናችሁ የንፋስ ፍሬን ያለው ከሆነ ኮምፕሬሰር ከሞተሩ ጋር አብሯችሁ እየዞረ ነው። ታንኩ 8 ባር አካባቢ ይይዛል። የሚያስፈልጋችሁ ታንኩ ላይ የሚገጠም ማውጫ፣ ረጅም ቱቦና ጌጅ ያለው መሙያ ብቻ ነው። ሲኖትራክ የያዘ ሰውማ ሌላ ሐሳብ ባያስብ ይሻለዋል። 12.00-20 ጎማ ከ150 ሊትር በላይ ነው፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አይሞላውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከታንኩ ንፋስ ስትወስዱ ከፍሬናችሁ ነው የምትወስዱት። ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ታኮ ገብቶ። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን አስነስታችሁ ጌጁ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቁ። የአባይን ቁልቁለት በጎደለ ንፋስ የሚጀምር ሹፌር ካለ እኔ ከኋላው አልሆንም።

የቢቸናዋ፣ የእናንተ ኤንፒአር ፍሬኑ የዘይት ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ይህ ለእናንተ አይሠራም፣ መግዛቱን ግዢ።

የደንበጫ ልጅ፣ ዴንቨር

ከሩቅ ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ጡረታ የወጡ ሰዎች ቤታቸውን መኪና ላይ ጭነው ይዞራሉ፣ አርቪ ይሉታል። ትልልቆቹ አርቪዎች ልክ እንደ አይሱዙ ከኋላ ደብል ጎማ አላቸው፣ የሚሞሉትም 80፣ 90፣ ከዚያም በላይ ፒኤስአይ ነው። ስለዚህ ለአርቪ ተብሎ የሚሸጠው ኮምፕሬሰር ከፒካፑ ይልቅ ለኤንፒአር ይቀርባል። ቱቦው ረጅም ነው፣ ጫፉም ታጥፎ ወደ ውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ይገባል። ሰው ስለ ሞተሩ ሲጨነቅ ይህን ይረሳል። ደብል ጎማ ላይ የውስጠኛውን ቫልቭ ካልደረስሽበት የፈለገው ጉልበት ቢኖረው ዋጋ የለውም። ቱቦው ደግሞ ከባትሪው ተነስቶ የመጨረሻውን የኋላ ጎማ መድረስ አለበት። ሱቁ ውስጥ አስዘርጊው።

ማወዳደሪያ እንዲሆንሽ ቫየር 400ፒ የሚባለውን ኮምፕሬሰር ልንገርሽ። 12 ቮልት ነው፣ እስከ 30 አምፔር ይስባል፣ ባዶ ላይ በደቂቃ 65 ሊትር ይሰጣል፣ ጣሪያው 150 ፒኤስአይ። 100 ፒኤስአይ ላይ ሲሠራ ከጊዜው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው መሥራት የሚፈቀድለት። 10 ደቂቃ ከሠራ 20 ያርፋል ማለት ነው። እሱኑ ግዢ አላልኩም፣ ግን የምትገዢው ከዚህ ብዙ ካነሰ ለጭነት መኪና አይደለም። እና ስለ እረፍቱ ምንም የማይል ካርቶን ላይ እምነት አትጣይ።

ቻርጅ የሚደረገው ለሃይሉክስና ለሞተር ብስክሌት ጥሩ ነው። የኤንፒአር ጎማ ላይ ባትሪው ቀድሞ ያልቃል።

ባለ ሃይሩፍ

እሽ፣ ተረታሁ 😄 ግን ለሃይሉክሷ የእኔ ምክር አሁንም ቆሟል።

ጎሚስታ ከማርቆስ

ቆሟል ቆሟል። አሁን ግን ከግዢው የሚበልጠውን ልናገር።

ኮምፕሬሰር መኪና ላይ ሲኖር ሹፌር ይደፍራል። ተንፍሶ ጥቂት መንገድ የተነዳን ጎማ ዝም ብሎ ይነፋዋል። ይህን ወንድምሽ እንዳያደርግ። ጭነት ይዞ በተኛ ጎማ ላይ የተነዳ እንደሆነ ጎኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ታጥፎ ታጥፎ ይሰበራል። ከውጭ አይታይም። ንፋስ ሲገባው ጎኑ እንደ ዚፕ ይከፈታል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጥላል። እንዲህ ያለ ጎማ ይወጣል፣ ስኮርት ይገባል፣ ከቸርኬው ተፈትቶ ውስጡ ይታያል። ኮምፕሬሰሩ ቀስ ብሎ ለወረደ ነው፣ ተኝቶ ለተነዳ አይደለም።

ቸርኬው ቀለበት ያለው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ንፋስ ከገባ እንደ ጥይት ይፈናጠራል። ስለዚህ መሙያው ቫልቩ ላይ ራሱ ነክሶ የሚቆይ ይሁን። በእጅ ተይዞ የሚሞላውን እንዳትገዢ። ጌጁና ማጥፊያው ቱቦው ማዶ ይሁን። ረዳቱ ነክሶ ይራቅ፣ ከጎማው ፊት ሳይሆን ወደ ጎማው መርገጫ በኩል ዞር ብሎ ይቁም።

የቢቸናዋ

ልቤን አስደነገጣችሁት ግን ደግ አደረጋችሁ። ባትሪውን ወንድሜ አየው፣ ሁለት ነው፣ 24 ነው። እንግዲያው ለኤንፒአሩ 24 ቮልት የሆነ፣ ባለ ረጅም ቱቦ እፈልጋለሁ። ለእኔ ደግሞ ትንሿን። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ወንድሜ አባይ በረሃ ሲወርድ ጎማው ይሞቃል ብሎ ደጀን ላይ ትንሽ ንፋስ ያስወጣል። አሁን መሙያ ከያዘ በረሃው ውስጥም እየለካ ማስተካከል አለበት?

ሹፌር ከደጀን

በጭራሽ። ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፣ ጎማው ለዚያ ነው የተሠራው። ንፋስ ከቀነሰለት ጎኑ የበለጠ ይተጣጠፋል፣ የበለጠ ይግላል። ፈርቶ የሚሸሸውን ራሱ ያመጣዋል። ደጀን ወደ 2,400 ሜትር ነው፣ ድልድዩ ከሺህ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ ታች ያለውን ሙቀት ታውቂዋለሽ። እዚያ ለክቶ ካስወጣ፣ ማዶ ጎሐ ጽዮን ብርድ ላይ ሲወጣ ጎማው ጎድሎ ይገኛል።

ጎሚስታ ከማርቆስ

ልክ ነው። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ ነው። ከ6 እስከ 7 ባር ውስጥ ይሆናል፣ ትክክለኛውን ግን ጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍና የመኪናው መመሪያ ይንገረው። በረሃ ውስጥ አንዱ ጎማ ከጓደኛው በጣም ወርዶ ካየ ብቻ እስከ ጓደኛው ይሙላው፣ ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ያሳየው። ኮምፕሬሰሩን ስትገዢ ይዘሽው ነይና የእሱን ጌጅ ከእኔው ጋር እናስተያየው። አዲሶቹ ግማሽ ባር ሲዋሹ አይቻለሁ።