የፍልውሃ ክምችት ጥናት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ሐሳብ ስጡ

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ፣ በፍልውሃ ዙሪያ ያለውን የሙቅ ውሃ ክምችት ለማጥናትና ለመከታተል ተስማምተናል። የኤሌክትሪክ ልኬት ብቻውን ይበቃል ያሉ አሉ። እስቲ ተነጋገሩበት።

ከመስክ ቡድን፦ ብቻውን አይበቃም። ማዕድን የበዛበት ሙቅ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። ከበሰበሰ ባዛልት የመጣ ሸክላም እንዲሁ። ካርታው ላይ መልካቸው አንድ ነው። ሸክላውን ውሃ ብለን ብንቆፍር ገንዘቡ ውሃ በላው። ሳይዝሚክ (የመሬት ንዝረት ልኬት) እና የመሬት ስበት ልኬት ይጨመሩ። ባቡሩንም አትርሱ። በስታዲየም በኩል የሚያልፈው በዲሲ (በቀጥተኛ ጅረት) ነው የሚሠራው፤ ከሐዲዱ ወደ መሬት የሚያመልጠው ጅረት ንባባችንን ያበላሻል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ሌሊት ባቡሩ ሲቆም እናድርገው።

ሌላ አባል፦ ሳይዝሚኩ ውድ አይሆንም? መሐል ከተማ ፈንጂ አይታሰብም።

ከመስክ ቡድን፦ ፈንጂ አያስፈልግም። የመኪናው ንዝረት ራሱ ምንጭ ይሆነናል። ለሌላው ልኬት ጠላት ነው፣ ለዚህ ግን ሲሳይ።

የስበት ባለሙያው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ክትትሉ ነው። 10 በመቶ ክፍተት ባለው ድንጋይ ውስጥ ውሃው 1 ሜትር ቢወርድ፣ ከሥር ያለው ክብደት ስለሚቀንስ ስበቱ የሚቀንሰው ወደ 4 ማይክሮጋል (በጣም ትንሽ የስበት መለኪያ) ነው። ጥሩ መሣሪያ ደጋግሞ ከተለካበት ይህን ይይዛል። ግን ውሃ ሲሳብ መሬቱም ሊሰምጥ ይችላል። የምንለካበት ነጥብ 1 ሳንቲሜትር ቢወርድ ንባቡ ወደ 3 ማይክሮጋል ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ውሃው እያለቀ እኛ ደህና ነው ልንል ነው! ስለዚህ የየነጥቡ ከፍታ በሌቬል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይለካ፤ የራዳር ሳተላይት መረጃም ይታከል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ላይ ለነጥብ የመታኋት ምስማር ነበረች፣ ቀይ የቀባኋት። ስመለስ አዲስ ንጣፍ ተነጥፎባታል። ተንበርክኬ መገጣጠሚያውን በጣቴ ስዳስስ አረፈድኩ። አላገኘኋትም፤ የመጀመሪያው ንባቤ ማወዳደሪያ አጥቶ ቀረ። ነጥቦቻችን መንገድ ዳር አይሁኑ። የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት ግቢ እንለምን።

አስተባባሪዋ፦ ገባኝ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የልኬት ዙሮቹንስ መቼ እናድርግ?

የስበት ባለሙያው፦ ክረምት ላይ አፈሩ የሚይዘው ውሃም ስበቱን ይለውጠዋል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት እንለካ። እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ፣ ዝናቡ ሳይገባ።

አስተባባሪዋ፦ ግንቦት ይሁን። ለሌቬል ሰዎች በጀት አልያዝንም፤ ዛሬ ማታ እጨምራለሁ። ለነጥብ የሚሆን ግቢ የምታውቁ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።