ተማሪዎችን ወፍ ለማሳየት፦ የዓባይ መውጫ ወይስ ጭምባ?

ጠያቂ (የክበብ መምህር)፦ የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ ቢሆኑም ጣናን የሚያውቁት ከመዝናኛ ስፍራዎቹ ወንበር ላይ ሆነው ብቻ ነው። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ደንገሉ ዳር በእግር ወስጄ በውስጡ የሚኖሩትን ወፎች ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ ሞተር ጀልባ ለመከራየት ግን አቅማችን አይፈቅድም። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት የዓባይ መውጫ ይበቃናል ወይስ ጭምባ ረግረግ ድረስ መሄድ አለብን?

የዓባይ ማዶ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለጀማሪ የዓባይ መውጫ ይበቃል ባይ ነኝ። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ከቆየ በኋላ ቁልቁል ውኃው ውስጥ ሲወረወር፣ ጣተ ረጃጅሙ ወፍ ደግሞ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ሲራመድ ተማሪዎቹ በቅርብ ያያሉ። የጉማሬ ነገር ግን አደራ። ሲመሽ ለመጋጥ ወደ የብስ ስለሚወጣ ጠዋት ሂዱ፤ በእሱና በውኃው መካከልም ማንም እንዳይቆም።

የደራ ልጅ፦ ትልልቆቹን ወፎች ለማየት ከሆነ ጭምባ ወይም ፎገራ ይሻላል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ቀን በታጨደው ማሳ ላይ እህል ሲለቅሙ ውለው ማታ ወደ ረግረጉ ስለሚመለሱ፣ እኩለ ቀን ላይ ረግረጉን ባዶ አግኝቶ ማዘን የተለመደ ነው። መኪና ካልተገኘ ግን አይሞከርም።

ቀበሌ ነዋሪ፦ ወፉን ብቻ አሳይቶ መመለስ ይቆጨኛል፤ ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን የፍሳሽ ቦዮችም አሳዩአቸው። ደንገል ባለበት ዳርቻ ውኃው ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ለአረም ምግብ የሚሆነውንም ንጥረ ነገር ሥሩ ይመጠዋል። ዳርቻው ለእርሻ በተመነጠረበት ቦታ ግን ፍሳሹ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ የተባለውን ተንሳፋፊ አረም ይቀልባል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲጠበቁ የተለየ ስፍራ) ሆኖ መመዝገቡን እንናገራለን እንጂ፣ ውኃው በሸሸ ቁጥር ደንገሉን እያጨድን ማሳ የምናደርገው እኛው ነን። ታንኳ ሠሪዎቹ እንኳ ጥሩ ደንገል ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀምረዋል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በማለዳ ከዓባይ መውጫ ጀምረን ሲሞቅ ወደ ቦዮቹ እንሻገራለን፤ ጭምባን መኪና ሲገኝ እናየዋለን። ቀበሌ ነዋሪ፣ ሽታው ሳያስቸግር ልጆች ሊቆሙበት የሚችሉት ቦይ የትኛው እንደሆነ ቢጠቁሙኝ?