ነገ ሜሪላንድ እገባለሁ፣ ጠመንጃዬን ምን ላድርገው? ቶሎ መልሱልኝ!

ዳኒ፦ ሰላም ቤተሰብ። ነገ በጠዋት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እለቃለሁ። ዕቃው ሁሉ ታሽጓል። አሁን የሥራ ባልደረባዬ «ጠመንጃውን ይዘህ ወደ ሜሪላንድ የሚወስደውን የዊልሰንን ድልድይ እንዳትሻገር» አለኝ። እኔ በሕግ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኝ አለኝ። ምን ይሻላል?

የሺ፦ ምኑን? ዓይነቱን ጻፍ እንጂ ወንድሜ።

ዳኒ፦ ይቅርታ፣ ኤአር-15 የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ። ሁለት ባለ 30 ጥይት ካዝና አለው።

ቢኒ፦ መብትህ ነው! ቨርጂኒያ የገዛኸውን ማን ይከለክልሃል? ጥይቱን አውጥተህ፣ ቆልፈህ ከመኪናው ኋላ አድርገው።

ጋሽ መኮንን፦ ልጄ፣ ይሄ መሣሪያ አፓርትመንት ውስጥ ምን ይሠራልሃል? በ1994 አዲስ መሠራቱና መሸጡ በመላው አሜሪካ ተከልክሎ ነበር። ሕጉ ለ10 ዓመት ብቻ ስለነበር 2004 ላይ አበቃ፣ ኮንግረስም አላደሰው። ይኸው እያንዳንዱ ስቴት የየራሱን ያወጣል። ልጆች ትምህርት ቤት ውለው እስኪመለሱ የምንሳቀቀው እኛ ነን።

ዳኒ፦ ጋሽዬ ገብቶኛል፣ ግን የቀረኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ቶማስ፦ ሽጠው።

የሺ፦ ቢኒ፣ ሰው አታሳስር። ቆልፎ ማሳለፍ የሚያድነው መሣሪያው ከተፈቀደበት ወደ ተፈቀደበት ለሚሄድ መንገደኛ ነው። ዳኒ የሚያድረው ሜሪላንድ ነው። እዚያ ከኦክቶበር 1፣ 2013 ጀምሮ ወደ ስቴቱ ማስገባቱ ራሱ ወንጀል ነው። ኤች-ባር የሚባለው ባለ ወፍራም በርሜል የኮልት ሞዴል ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። ያንተ ምን እንደሆነ ሳታረጋግጥ ግን እንዳትጭን። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም እዚያ መሸጥ አትችልም።

ቢኒ፦ ፍርድ ቤት ይሽረዋል።

የሺ፦ አልሻረውም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2024 አጸናው። ጁን 2025 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ሄኖክ፦ የእናትህን ምጣድ ጫን፣ እሱን ተወው 😀

ሰሚራ፦ እኛም ከፌርፋክስ ስንለቅ ጨንቆን ነበር። ባለቤቴ እዚያው ቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ሱቅ ወሰደው። ሰውየው በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን በእጅ ባትሪ አይቶ፣ ቁጥሩን መዝግቦ፣ ደረሰኝ ሰጠው። ዋጋው ከተገዛበት በጣም ወረደ፣ ግን እንቅልፋችንን ተኛን። ለጓደኛ በእጅ እንዳትሸጥ፤ በ2020 የወጣ ሕግ ለዚያም የገዢው ማንነት እንዲጣራ አዝዞ ነበር።

ቶማስ፦ አላልኩም? ሽጠው።

ዳኒ፦ ሰሚራ እህቴ፣ ሱቁ ዛሬ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ሰሚራ፦ የኛው በአሜሪካ አቆጣጠር ማታ 6 ሰዓት (6 PM) ይዘጋ ነበር። ቀድመህ ደውል፣ ጥይቱን ለብቻው አድርገው።